ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታዬ የትኛውን የድምፅ አፕ ልግዛ?

የአንባቢው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ እቤቴ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አጫውታለሁ፤ እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፣ ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያቱን ይሆናሉ። አምስት ተጫዋቾች አሉኝ። አራቱ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ አንዷ ከስቶክሆልም ዲስኮርድ በሚባለው የኢንተርኔት መነጋገሪያ ትገባለች። ለማጀቢያ ዩቲዩብ ላይ ያሉትን የሦስት ሰዓት የጦርነት ሙዚቃዎች እከፍታለሁ። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ‹ምን አልክ?› ይሉኛል፣ ስቀንሰው ደግሞ ስሜቱ ይጠፋል። ስልኬ ላይ ሳውንድቦርድ፣ ማለት ቁልፍ ሲነኩት ድምፅ የሚያወጣ አፕ፣ ጭኜ በብሉቱዝ ስፒከር አሰማለሁ፤ የሰይፍ ድምፅ ስነካ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የሚሰማው። የስቶክሆልሟ ልጅ ሙዚቃው ይቆራረጥብኛል፣ ራሴን አመመኝ ትላለች። ሲሪንስኬፕ የሚባለው የድምፅ አፕ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በየወሩ በዶላር መክፈል ግን ይከብደኛል። የትኛውን አፕ ልግዛ? ወደፊት ጨዋታችንን ቀርጸን ዩቲዩብ ላይ ልንጭነውም አስበናል።»

ምንም አፕ አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ። የዘረዘርካቸው ችግሮች አንዳቸውም ከአፕ የመጡ አይደሉም። ነገ ውዱን አፕ ብትገዛ ተጫዋቾችህ «ምን አልክ?» ማለታቸውን አይተዉም፣ ሰይፉም ዘግይቶ መምታቱን አይተውም። ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩን ከሥሩ እንየው። አፕ ላይ በኋላ እንመለሳለን።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ጊዜ ጀምሮ ይሄ ጨዋታ በአፍ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ዳይስ አለ፣ ወረቀት አለ፣ አንዳንዴም ካርታ አለ። ዋሻው ግን አንተ ስትናገር ነው የሚኖረው። አንድ ቃል ካመለጠ አንድ በር አመለጠ ማለት ነው። ሰው ማጀቢያ ሲያስብ ፊልም ነው የሚመጣለት። ፊልም ላይ ሙዚቃና ንግግር ተስማምተው የሚሄዱት አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ፣ ተዋናዩ አፉን በከፈተ ቁጥር ሙዚቃውን ዝቅ ስለሚያደርገው ነው። ሙዚቃውም ሲጻፍ ለንግግሩ ቦታ ተትቶለት ነው። አንተ ቤት ያ ሰው የለም። አንተ እየተናገርክ፣ ሕግ እያሰላክ፣ የጭራቁን ጉዳት እየቆጠርክ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው የሦስት ሰዓት ሙዚቃ ደግሞ ለብቻው እንዲደመጥ የተሠራ ነው፤ ለማንም ቦታ አይለቅም።

ድምፁን ከፍ ስታደርግ የሚሆነውን ልንገርህ። ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር አለ። ሰው በጫጫታ ውስጥ ሲናገር ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እስከ ዛሬ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። ጠረጴዛህ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ አንተ ትጮሃለህ፣ ተጫዋቾቹ ከአንተ በላይ ይጮሃሉ፣ ሙዚቃው አነሰ ይባልና እንደገና ይጨመራል። ከእንዲህ ያለ ሦስት ሰዓት በኋላ ጉሮሮህ ቢከረክርህ፣ ሰዉም ቢደክመው አይገርመኝም።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋችን ነው፣ ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ቃላትን ከቃላት የሚለየው በአመዛኙ ተነባቢው ነው። ተነባቢ ደግሞ አጭርና ቀጭን ድምፅ ነው፤ ብዙው መለያው ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው የሚገኘው። የጦርነት ሙዚቃ ጸናጽሉም፣ ናሱም፣ መዘምራኑም እዚያው ሰፈር ነው የሚጮሁት። በአማርኛ ስንጫወት ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጨ እና ቸ በደንብ ካልተለዩ ወሬው ይበላሻል። «ከመሬት ሥር ትል ተነሣ» ብለህ ተጫዋችህ «ጥል ተነሣ» ብሎ ከሰማ፣ አንተ ስለ ግዙፉ ትል እያወራህ እሱ ከመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጋር ለመታረቅ እየተዘጋጀ ነው። ይሄ እኔው ጠረጴዛ ላይ የሆነ ነገር ነው። ያኔ ያስቸገረኝ ጸናጽል የበዛበት አንድ ትራክ ነበር። ሌላ ነገር ሳልነካ እሱን ብቻ አውጥቼ ነገሩ ተስተካከለ።

ታዲያ ስንት ይሁን? የተለመደ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ንግግር በደንብ እንዲሰማ ከበስተጀርባው ድምፅ በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ አለበት፤ ለመማሪያ ክፍሎችም የሚመከረው ይኸው ልዩነት ነው። ስለዚህ ማጀቢያህ 45 አካባቢ ይሁን። ዴሲቤል የሚለካ ነፃ አፕ ስልክህ ላይ ጫን። የሚያሳየው ቁጥር በትክክል ላይገጥም ይችላል፣ አንተ ግን የምትፈልገው ልዩነቱን ነው። መጀመሪያ ሰዉ ሲያወራ ለካ፣ ቀጥሎ ሰዉን ዝም አሰኝተህ ሙዚቃውን ብቻ ለካ። መለኪያ ካልፈለግህም ቀላል መንገድ አለ። ሙዚቃውን ክፈትና በዝግታ፣ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ባለች ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብብ። ከአንተ በጣም ርቆ የተቀመጠው ሰው ቃል በቃል ካልደገመልህ ሙዚቃው በዝቷል።

የስፒከሩ ቦታም ለውጥ ያመጣል። አብዛኛው አጫዋች ስፒከሩን አጠገቡ፣ ማስታወሻውን ከሚደብቅበት መከለያ (ስክሪን) ጎን ያስቀምጣል። ስሕተት ነው። የሰው ጆሮ ሁለት የሆነው ድምፅ ከየት እንደመጣ እንዲለይ ነው፤ ንግግሩ ከአንድ አቅጣጫ፣ ሙዚቃው ከሌላ አቅጣጫ ሲመጣ አእምሮ ይለያቸዋል። ሁለቱም ከአንተ በኩል ከመጡ ይቀላቀላሉ። ስፒከሩን ወደ ክፍሉ ጥግ ውሰደው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው። ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ክፍሉን ይሞላዋል እንጂ ማንንም ፊት ለፊት አይመታም። ቮልዩሙ ሳይነካ ብቻ ስንት «ምን አልክ?» እንደሚቀንስ ራስህ ታየዋለህ።

«ስቀንሰው ስሜቱ ይጠፋል» ያልከው ላይ ግን መሠረታዊ አለመግባባት አለ። ስሜቱ የጠፋው ስለቀነስከው አይደለም፣ መጀመሪያውኑ ሳያቋርጥ ስለሚጮህ ነው። ጆሮ የማይለወጥ ድምፅን ይለምዳል። ፍሪጅ እቤት ውስጥ ሲጮህ ውሎ አትሰማውም፤ ጸጥ ሲል ነው ለካ ሲጮህ ነበር የምትለው። የሦስት ሰዓት የጦርነት ሙዚቃም እንደዚያው ነው። ተጫዋቾችህ ገበያ ላይ ገመድ ሲገዙም ጦርነት፣ እሳት ዳር ሲያወሩም ጦርነት፣ ዘንዶው ሲመጣም ጦርነት። ዘንዶው ሲመጣ የምትጨምረው ነገር አልቀረህም።

አንድ ምሽት የሆነውን ላሳይህ። ተጫዋቾቼ በዝናብ አንድ ባዶ ቤት ተጠግተው ነበር። የዝናብ ድምፅ ብቻ ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ተወያዩ፤ ማን ዘብ ይቁም፣ ማን ይተኛ እያሉ። ዝናቡን ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ «የበሩ እጀታ ዞረ» አልኩና እጄን ሰድጄ ዝናቡን አጠፋሁት። ሙዚቃ አልጨመርኩም። አንዷ ልጅ የሻይ ብርጭቆዋን ወደ አፏ እየወሰደች ነበር፤ መሃል ላይ አቆመችው። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማነው?» አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ለዚያች ቅጽበት ያዋጣሁት ሃያ ደቂቃ ዝናብና አንድ ማጥፊያ ቁልፍ ነው። ዝናቡ በዝቅተኛ ድምፅ ባይቆይ ኖሮ ዝምታው አይሰማም ነበር።

ለዚህ ነው ድምፆችህን በሦስት ከፍለህ እንድታስባቸው የምፈልገው። አንደኛው የቦታ ድምፅ ነው፤ ዝናብ፣ ነፋስ፣ የገበያ ጫጫታ፣ የዋሻ ጠብታ። ይሄ ረጅም ሰዓት ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ሙዚቃ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ፣ ምክንያት ሲኖር። ሦስተኛው ነጠላ ድምፅ ነው፤ በር፣ መብረቅ፣ ደወል። አንተ እየተጠቀምክ ያለኸው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው። በጣም የሚጠቅምህን የመጀመሪያውን ዘለኸዋል።

የቦታ ድምፅን ደግሞ መግዛት አይጠበቅብህም። አዲስ አበባ ነህ። ሐምሌ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስልክህን ፎጣ ላይ አስቀምጠህ አሥር ደቂቃ ቅረጽ። ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ አድርገው፤ ካልሆነ ጠብታው እየነጠረ ይጮህብሃል። ከየትኛውም ውድ አፕ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቾችህ ያንን ድምፅ ከልጅነታቸው ያውቁታል፣ ብርዱም አብሮ ይመጣባቸዋል። ከተማ ዳር ዘመድ ካለህ የሌሊት ጅብ ጩኸት ቅረጽ። የገበያ ድምፅ ስትቀርጽ ግን ተጠንቀቅ። የሰው ንግግር ጥርት ብሎ ከገባ ተጫዋቹ ሳይወድ ያዳምጠዋል፤ «በመቶ ሃምሳ ውሰጂው» የሚል ድምፅ ከአስማተኛው ወሬ በላይ ጆሮ ይስባል። ከርቀት ቅረጽ፣ ወይም በኦዳሲቲ ቀጭኑን ድምፅ ቁረጠው። ኦዳሲቲ ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው።

የቀረጽከው ሲያልቅና ሲጀምር እንዳይታወቅ አንዲት ዘዴ አለች። ፋይሉን መሃል ላይ ቁረጥ። ሁለተኛውን ግማሽ ከፊት፣ የመጀመሪያውን ከኋላ አድርግ። አሁን መገጣጠሚያው መሃል ላይ ሆኗል፤ እዚያ ላይ አምስት ሰከንድ ያህል አንዱን በአንዱ ላይ ደርበህ አንዱ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ እንዲሄድ አድርግ። የፋይሉ መጨረሻና መጀመሪያ ቀድሞውኑ የተያያዘ ድምፅ ስለነበር ሲዞር አይታወቅም። ስታስቀምጠው ግን ኤምፒስሪ አታድርገው። ኤምፒስሪ ሲሠራ ከፊትና ከኋላ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል፣ ሲደጋገም «ቅጭ» እያለ ያስቸግርሃል። ዌቭ ወይም ኦግ ይሁን።

ሙዚቃ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግጥም ያለው ሙዚቃ አትክፈት። «በማናውቀው ቋንቋ ከሆነ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። ችግር አለው። ኮልና ዌልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ጀርመንኛ የማይችሉ ሰዎች ጀርመንኛ ሲነበብ እየሰሙ ፊደላትን በቅደም ተከተል እንዲያስታውሱ አድርገው ነበር፤ ሳይገባቸውም ማስታወሳቸው ተበላሽቷል። ተጫዋችህ ደግሞ ስንት ጉልበት እንደቀረው፣ ስንት አስማት እንደተረፈው፣ ተራው መቼ እንደሆነ በአእምሮው ይዞ ነው የተቀመጠው።

ሁለተኛ፣ ሰው የሚያውቀውን ዜማ አትጠቀም፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ቢሆንም። የታወቀ ትዝታ በማሲንቆ ብትከፍት ግጥሙን ተጫዋቹ በልቡ ይሞላዋል። ደግሞም ማሲንቆ እንደ ሰው ነው የሚዘፍነው፤ ከንግግርህ ጋር ይጋፋል። የአገር ቤት ድምፅ መፈለግህ ግን ትክክል ነው፣ እኔም የምወደው ነገር ነው። ክራር የሚጫወት ጓደኛ ካለህ ባቲ ወይም አምባሰል ቅኝት ላይ ሆኖ፣ ዘፈን ሳያደርገው፣ ክሮቹን በዝግታ ለአምስት ደቂቃ ይንካልህ። ያንን ለአንድ ገጸ ባሕርይ መግቢያ አድርገው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ተጫዋቾችህ ስሙን ሳትጠራው መምጣቱን ያውቃሉ።

ሦስተኛው በገና ነው። በገና ያ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፁ ለጥንታዊ ቤተ መቅደስ ትዕይንት ልክክ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ለብዙ ሰው በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ የዐቢይ ጾም ድምፅ ነው። ከጭራቅ ጋር በሚደረግ ውጊያ ሥር መክፈት የሚያስቀይመው ሰው ጠረጴዛህ ላይ ሊኖር ይችላል፣ አፍሮም ላይነግርህ ይችላል። ቀድመህ ጠይቅ። ጥርጣሬ ካለ ተወው።

አሁን ወደሚዘገየው ሰይፍ እንምጣ። ጥፋቱ የአፑ አይደለም፣ የብሉቱዙ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ልኮ፣ ስፒከሩ ደግሞ ተቀብሎ እስኪፈታው አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለሙዚቃ ምንም አይደለም። ለሰይፍ ግን ብዙ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ብዙዎቹ ርካሽ ስፒከሮች ድምፅ ካልመጣላቸው ባትሪ ለመቆጠብ ያንቀላፋሉ። ቁልፉን ስትነካ እስኪነቁ ድረስ የድምፁ መጀመሪያ ይዋጣል። የሰይፍ ድምፅ ደግሞ መጀመሪያው ነው ሁሉ ነገሩ። መድኃኒቱ የኦክስ ገመድ ነው። በገመድ ሲሆን መዘግየቱ አይታወቅም። ስልክህ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ከላፕቶፑ አድርገው። ገመድ ጨርሶ ካልተቻለ የቦታ ድምፁ ሳይቋረጥ ዝቅ ብሎ ይሂድ፤ ስፒከሩ አያንቀላፋም።

ከዚያ በፊት ግን፣ የሰይፍ ድምፅ ለምን ትጫወታለህ? ከልቤ ነው የምጠይቅህ። በአንድ ውጊያ ሰይፍ ሠላሳ ጊዜ ይወዛወዛል። በሠላሳውም ላይ ስልክህን ፈልገህ፣ ገጹን ከፍተህ፣ ቁልፉን አግኝተህ ስትነካ አንገትህን ደፍተህ ነው የምታመሸው። ተጫዋቹ ሃያ ጎን ዳይሱን ጥሎ ሃያ ሲወጣለት ፊትህን ነው ማየት የሚፈልገው። ነጠላ ድምፅ በአንድ ምሽት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ለሚሆን ነገር ይቀመጥ። የከተማው ደወል ሲደወል፣ ድልድዩ ሲሰበር፣ ከጥልቁ የሆነ ነገር ሲያገሳ። ስድስት ቁልፍ ይበቃሃል። ስድስቱንም ሳታይ በጣትህ እንድታገኛቸው ቦታቸው አይለዋወጥ።

የስቶክሆልሟ ልጅ ሕመም በጣም ግልጽ ነው። ሙዚቃው ከስፒከርህ ወጥቶ፣ በክፍሉ አየር አልፎ፣ በማይክህ ገብቶ ነው የሚደርሳት። ዲስኮርድ ደግሞ ጫጫታ የሚያጠፋ ሥርዓት አለው፤ ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ጫጫታ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ሙዚቃውን ሲቆርጥ ንግግርህንም አብሮ እየሸራረፈው ነው። የሚደርሳት ቁርጥራጭ ነው፣ ራሷን ቢያማት አይፈረድባትም። ያንን ሥርዓት አጥፋው የሚል ምክር ትሰማ ይሆናል። አታጥፋው፤ ያኔ የክፍሉ ጩኸት በሙሉ ነው የሚሄድላት። ትክክለኛው መንገድ ሙዚቃውን ከማይኩ መለየት ነው። ኬንኩ ኤፍኤም የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ ሙዚቃውን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ተሳታፊ ዲስኮርድ ውስጥ ያስገባልሃል። ያኔ እሷ የአንተን ድምፅ ሳትነካ የሙዚቃውን ብቻ በራሷ ትቀንሳለች፣ ከፈለገች ጨርሳ ታጠፋዋለች። ማይኩን ደግሞ ከስፒከሩ አርቀህ ለተናጋሪዎቹ አቅርበው። ቀድሞ ሰው ሁሉ ግሩቪና ሪትም በሚባሉ ቦቶች፣ ማለት በራሳቸው በሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ ነበር ዩቲዩብን ዲስኮርድ ውስጥ የሚያስገባው፤ ሁለቱም በ2021 እ.ኤ.አ. በዩቲዩብ ማስጠንቀቂያ ያንን አገልግሎት አቁመዋል። እነሱን የሚመክር የድሮ ጽሑፍ ካገኘህ እለፈው።

ስለ አፖቹ አሁን ባጭሩ። ሲሪንስኬፕ የአውስትራሊያ ሥራ ነው፣ ጥሩ ሥራም ነው። ጥንካሬው አንድ ፋይል እያዞረ አለመድገሙ ነው፤ ትንንሽ ድምፆችን በየጊዜው እየቀላቀለ ስለሚያወጣ ሁለት ሰዓት ብትቆይ እንኳ ዞሮ መጣ አትልም። ፓዝፋይንደር ለሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ የታወቁ ጀብዱዎች ትዕይንት በትዕይንት የተዘጋጁ ድምፆችም አሉት። የራስህን ታሪክ ለምታጫውተው ለአንተ ግን ይሄ ብዙም አይጠቅምህም። ቴብልቶፕ ኦዲዮ የሚባለው ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ አሥር አሥር ደቂቃ የሚሆኑ የቦታ ድምፆች አሉት፣ ማውረድም ይቻላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ፍሪሳውንድ ባርሴሎና ካለው ፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረ የድምፅ ክምችት ነው፤ ነጠላ ድምፆችህን ከዚያ ትለቅማለህ። ሮል ትዌንቲና ፋውንድሪ በውስጣቸው የራሳቸው ሙዚቃ ማጫወቻ አላቸው፣ ግን እነሱ ሁሉም ሰው በኢንተርኔት ለሚጫወትበት ጠረጴዛ ናቸው። ዩቲዩብን ተወው። ማስታወቂያው የቀብር ትዕይንት መሃል ላይ ነው የሚገባብህ፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ሙዚቃው ከነትዕይንቱ ይቆማል። ዳታውንም አስበው፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲሆን የሦስት ሰዓት ድምፅ ብቻ 173 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ከነቪዲዮው ደግሞ ብዙ እጥፍ። በዚያው ጥራት አሥር ደቂቃ የሆነ አንድ የወረደ ፋይል አሥር ሜጋባይት አይሞላም፤ ዓመቱን ሙሉ ትጫወትበታለህ። የትኛውንም አፕ ለመግዛት ስታስብ ከመክፈልህ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ክፈተው። ዝም ካለ ለእኛ አገር ቅዳሜ ማታ አይሆንም።

ቀርጸን እንጭናለን ያልከው ጉዳይ ጨዋታውን ይለውጠዋል። ሳሎንህ ውስጥ ከጓደኞችህ ጋር መስማት አንድ ነገር ነው፣ ለሕዝብ ማሰራጨት ሌላ። «ለአፑ ከፍዬአለሁ እኮ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ለመስማት መክፈልህ ለማሰራጨት ፈቃድ አለህ ማለት ላይሆን ይችላል። አገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አላት፣ ዩቲዩብም በራሱ አጣርቶ ይይዝሃል። ክሪየቲቭ ኮመንስ የሚል፣ ሠሪው ሌሎች በሥራው እንዲጠቀሙ የሚፈቅድበት ፈቃድ ስታይም ሁሉም አንድ አይደለም። አንዱ ምንም አይጠይቅህም፣ አንዱ የሠሪውን ስም እንድትጠቅስ ይፈልጋል፣ አንዱ ለንግድ አይፈቅድም፣ አንዱ መቁረጥና መቀላቀል ይከለክላል። ፋይሉን ስታወርድ ስሙንና ፈቃዱን በዚያው ቀን ደብተር ላይ ጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ «ይሄ የበር ድምፅ ከየት ነበር?» ብለህ አታገኘውም። ራስህ የቀረጽከው ዝናብና ጓደኛህ የነካው ክራር ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለብህም፤ ጓደኛህን ብቻ አስፈቅደው፣ ስሙንም ጥቀስለት።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። የተኩስ ድምፅ፣ የፍንዳታ ድምፅ፣ የሕፃን ልቅሶ ከመክፈትህ በፊት ተጫዋቾችህን ጠይቅ። በቅርብ ዓመታት ጦርነት በቤታቸው በር ያለፈባቸው ሰዎች አብረውን ይኖራሉ። ሳይነግሩህ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ድምፅ ሰውነታቸው ላይ የሚያደርገውን አንተ ከስክሪኑ ጀርባ ሆነህ አታየውም። ከጨዋታው በፊት በግል፣ ለእያንዳንዱ፣ «እንዳልከፍተው የምትፈልገው ድምፅ አለ?» ብለህ ጠይቅ። ምክንያቱን አትጠይቅ። ከተነገረህ ያንን ድምፅ ከስልክህ ላይ አጥፋው።

እንግዲህ የምመክርህ ይሄ ነው፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ጨዋታዎች ሳትቀይር ተከተለው። ስልክህ ላይ ያለውን ሳውንድቦርድ አጥፋ። ላፕቶፕህ ላይ ኬንኩ ኤፍኤምን ጫን፤ ለክፍሉም ለስቶክሆልምም እሱ ብቻ ይሁን። ሁለቱን አንድ ላይ ማስሄዱ ካስቸገረህ ልጅቷ ያለ ሙዚቃ ትጫወት፤ ንግግሩ ጥርት ብሎ ከደረሳት ብዙ አይጎድልባትም። ሦስት የቦታ ድምፅ፣ ሁለት ግጥም የሌለው ሙዚቃ፣ ስድስት ነጠላ ድምፅ አዘጋጅ፤ ሁሉም የወረዱ ይሁኑ። አሥራ አንዱንም ቀድመህ በአንድ ስፒከር እያፈራረቅህ ስማና ድምፃቸውን አስተካክል፤ አንዱ ከሌላው ዘሎ እንዳይጮህ። ስፒከሩ በገመድ፣ ጥግ ላይ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ስፒከሩም፤ መብራት ሲጠፋ ዝናቡ ይቀጥላል። የስልክህን ደወል አጥፋ። ሙዚቃ በአንድ ምሽት ከሁለት ጊዜ በላይ አትክፈት፤ ተጫዋች ከባድ ውሳኔ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሁሉንም ዝም አሰኘው።

ከሦስቱ ጨዋታዎች በኋላ «ዝናቡ ዞሮ መጣ» የሚል ተጫዋች ከተገኘ፣ ያኔ ሲሪንስኬፕን ለአንድ ወር ብቻ ሞክረው። ማንም ካላለ ገንዘብህን ለጥሩ ኦክስ ገመድና ልጅቷ በደንብ ለምትሰማህ ማይክ አውለው።